ስለ እግር ኳስ ዳኝነት ታሪክና ስለ ጉባ ልጆች ጨዋታ

የጉባ ስም ዛሬ በአገሩ ሁሉ የታወቀው በዓባይ ላይ በተሠራው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ምክንያት ነው። የመሠረቱ ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለ ግድቡ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኛ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ልንጽፍ ያሰብነው ከዚያ እጅግ ስላነሰ፥ ነገር ግን በየቀኑ ስለሚያጋጥመን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ማን ይዳኛቸው የሚለው ነው።

በመተከል ቆላ በአንድ ሜዳ ላይ የሚሰበሰቡት ልጆች ሁሉ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ አይደሉም። ጉሙዙ፥ አገው፥ አማራው፥ ሺናሻው፥ ኦሮሞው፥ በርታው አንድ ኳስ ይከተላሉ። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን የደረሰውን የብዙ ሰው ሕይወት ጥፋት አንባቢ ሁሉ ያስታውሰዋል። እንዲህ ያለ ኀዘን ባለፈበት አገር «በእጁ ነካ፥ አልነካም» ተብሎ የሚነሣ ክርክር የልጆች ነገር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፊሽካ የያዘው ልጅ የማን ወገን ነው ተብሎ መጠየቁ አይቀርምና።

በመሠረቱ እግር ኳስ ሲጀመር ዳኛ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1863 በሎንዶን ከተማ የመጀመሪያው ማኅበር ተቋቁሞ ደንብ ሲጻፍ ስለ ዳኛ አንድ ቃል አልተነሣም፤ ጨዋ ሰው ያጠፋውን ራሱ ያምናል ተብሎ ታስቦ ነበር። ይህ አሳብ ብዙ አልቈየም። ቀጥሎ እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን ዳኛ ይዞ መምጣት ጀመረ። ሁለቱ ዳኞች ሳይስማሙ ሲቀሩ ከሜዳው ውጭ የቆመ ሦስተኛ ሰው ይጠየቅ ነበር። ይህ ሦስተኛ ሰው እ.ኤ.አ. በ1891 ወደ ሜዳው ገብቶ ዋና ዳኛ ሆነ፤ ሁለቱም ወደ መስመር ወጡ። ፍጹም ቅጣት ምት የተደነገገውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ጮኾ ካላመለከተ ዳኛው አይፈርድም ነበር። ዛሬ በሜዳችን «እጅ! እጅ!» እያሉ የሚጮኹት ልጆች ሳያውቁት ያንን የጥንት ሥርዓት ይዘው ቀርተዋል ማለት ነው።

የሚጣላ ሰው ሦስተኛ ሰው መፈለጉ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በደጋው አገር በጥንት ጊዜ ሁለት ባላጋራዎች መንገደኛውን አስቁመው ዳኝነት ይጠይቁት ነበር፤ እሱም መንገዱን ትቶ ክርክራቸውን ይሰማል። በጉሙዝ ሕዝብ ዘንድም በሽማግሌዎች የሚመራ ማንጊማ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አለ። እንግዲህ በሜዳ ዳር ያለፈውን ሰው «ናማ ዳኘን» ብለን ስንጎትተው የአያቶቻችንን ሥራ እንሠራለን።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1957 አገራችን ከግብፅ፥ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን መሠረተች፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1972 እስከ 1987 ፕሬዚዳንቱ ሆነው አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ሉቻኖ ቫሳሎንና ጓደኛውን መንግሥቱ ወርቁን የማያውቅ የለም። በዚያ ቀን ፊሽካው በማን እጅ እንደ ነበር የሚጠይቅ ግን አላጋጠመንም። የዳኛ ዕድል እንዲህ ነው፤ ደኅና ከሠራ ይረሳል።

ያም ሆኖ አንድ ስም ሊረሳ አይገባም። ግንቦት 30 ቀን 1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር በቶሉካ ከተማ ስዊድንና እስራኤል በዓለም ዋንጫ አንድ ለአንድ ሲለያዩ ዋናው ዳኛ ኢትዮጵያዊው ሥዩም ታረቀኝ ነበሩ። ቢጫና ቀይ ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ የታየው በዚሁ ውድድር ነው፤ ቀዩ ግን በዚያ ዓመት ከኪስ አልወጣም።

የካርዱ ታሪክ ለጉባ ልጆች ልዩ ትርጉም ስላለው ጥቂት እንቈይበት። እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝና አርጀንቲና ሲጫወቱ ጀርመናዊው ዳኛ ክራይትላይን የአርጀንቲናን አምበል ራቲንን ከሜዳ አስወጣ። ዳኛው ስፓኒሽ አያውቅም፥ አምበሉም ጀርመንኛ አያውቅም። ራቲን «አስተርጓሚ አምጡልኝ» እያለ አልወጣም ብሎ ጨዋታው ለብዙ ደቂቃ ቆመ። የዳኞቹ ኀላፊ እንግሊዛዊው ኬን አስተን ይህን እያሰላሰለ መኪናውን ሲነዳ የመንገድ መብራት አቆመው፤ ቢጫ፥ ቀጥሎም ቀይ። ሁሉም ሰው ያለ አስተርጓሚ የሚያነበው ፍርድ ከዚያ መብራት ተገኘ። አስተን በሥራው የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ መምህሮቻችን ይህን ሲያነቡ ደስ እንደሚላቸው እናምናለን።

በእኛ ዘመን ደግሞ በሙያዋ ፋርማሲስት የሆነችው ሊዲያ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 በሴቶች የዓለም ዋንጫ ዳኝታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በካሜሩን በወንዶች ውድድር ታንዛኒያንና ናሚቢያን አጫውታለች። በዓምላክ ተሰማም ለ2018 የሩሲያ የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት የአፍሪካ ዳኞች አንዱ ነበር። እኅቶቻችን የሊዲያን ስም ልብ እንዲሉት እንወዳለን፤ በየሜዳው ፊሽካ የምትይዝ ሴት ልጅ እስካሁን ጥቂት ናትና።

ዳኛ ለመሆን የሚፈልግ ተማሪ አሥራ ሰባቱን የጨዋታ ሕጎች ማጥናት፥ ፌዴሬሽኑ በሚያዘጋጀው ኮርስ ተፈትኖ ማለፍ፥ በሩጫም መፈተን አለበት። ዓለም አቀፍ ወንድ ዋና ዳኞች የሚፈተኑት 75 ሜትር በ15 ሴኮንድ ሮጠው 25 ሜትር በእግር በመራመድ፥ ይህንኑ 40 ጊዜ በመደጋገም ነው፤ ድምሩ 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዕድሜያቸውም ከ25 ዓመት ማነስ የለበትም። ስለዚህ ዛሬ የሚጀምር የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዘጠኝ ዓመት የመለማመጃ ጊዜ አለው ማለት ነው፤ የልጆች ጨዋታም ለዚህ የተመቸ ነው።

ሕጉ ራሱ ለልጆች ሲሆን ይለዝባል። ሜዳው ሊጠብብ፥ ኳሱ ሊያንስ፥ ሰዓቱ ሊያጥር፥ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ ሊገባ ይፈቀዳል። ለቆላ አገር ልጅ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ስለ ሙቀት የተጻፈው ነው፤ የውድድሩ ደንብ ከፈቀደ ጨዋታው ውሃ ለመጠጣት እስከ አንድ ደቂቃ፥ ሰውነት ለማብረድም ከ90 ሴኮንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ሊቆም ይችላል። በጉባ ፀሐይ ሥር የሚያጫውት ልጅ ይህን አስቀድሞ ለሁለቱም አምበሎች ይንገራቸው፤ ሰዓቱን ይያዝ፥ ውሃውንም ከሁለቱ ቡድኖች በእኩል ርቀት ላይ ያስቀምጥ።