ባቡር፣ ስልክ፣ ቀመር፦ የሳይንስ ቃሎቻችን የመጡበት መንገድ

ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ውስጥ ቴሌግራፍ አቬኑን ይዞ ወደ ሰሜን የሚወጣ ሰው ቴሜስካል ሲደርስ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶችን ያገኛል። የሰፈሩም የጎዳናውም ስም የሳይንስ ታሪክ የተሸከመ መሆኑን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። «ቴሜስካል» መነሻው ናዋትል የተባለው የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነው። «ቴማ» መታጠብ፣ «ካሊ» ቤት ማለት ሲሆን፣ «ቴማስካሊ» በጋለ ድንጋይ ላይ ውኃ እየተረጨ በሚነሣው እንፋሎት የሚታጠቡበት የላብ ቤት ነበር። ቃሉን እስከዚህ ያደረሱት ከሜክሲኮ ወደ ሰሜን የዘለቁ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው። የፔራልታ ቤተሰብ በ1820 ይህን ሰፊ መሬት ከስፔን ገዢ ተቀበለ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የምድሩ ቀደምት ባለቤቶች ኦሎኔዎች በወንዙ ዳር የላብ ቤት ነበራቸውና ወንዙም ሰፈሩም በዚያው ተጠሩ። ይሁንና የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች በአብዛኛው ያልባቸው የነበረው ቤቱ ውስጥ በሚነደው እሳት ሙቀት ነው። እንፋሎት የሜክሲኮዎቹ ልማድ ነበር። ስለዚህ የእንፋሎቱ ስም እንፋሎት በሌለበት ቤት ላይ ዐረፈ።

አማርኛም ልክ እንዲህ አድርጓል። «ባቡር» ሥሩ እንፋሎት የሚል ትርጉም ያለው የላቲኑ «ቫፖር» ነው። ጣሊያኖች «ቫፖሬ» ሲሉ የእንፋሎት መርከብንም ይጠሩበታል። ዐረብኛ የ«ቨ» እና የ«ፐ» ድምፅ ስለሌለው ቃሉን «ባቡር» አደረገው፤ እኛም የያዝነው በዚህ አንደበት የተለወጠውን ነው። ዛሬ ባቡር ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ሐዲድ ነው፤ ስሙን ላወጡት ሰዎች ግን ሐዲዱ ቁም ነገር አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። በሞተር የሚሠራውም የእህል ወፍጮ በብዙ ቦታ ባቡር ሲባል ኖሯል። ከጅቡቲ የተነሣው የሐዲድ ሥራ በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቃሉ ሠረገላውን ይዞ ቀረ። በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና በዓመቱ የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር የሚሄዱት በኤሌክትሪክ ነው። ከቴሜስካል ጥግ ማካርተር ጣቢያ ላይ የሚቆመው የአካባቢው (የቤይ ኤሪያ) የከተማ ባቡር፣ ባርትም፣ ከ1972 ጀምሮ እንደዚያው። በአማርኛ ግን ሁሉም ባቡር ናቸው፤ ጭሱም እንፋሎቱም ከጠፋ በኋላ ስሙ የመጀመሪያውን ሞተር ያስታውሳል።

ለተማሪ ይህን መንገር ከጨዋታ በላይ ጥቅም አለው። «እንፋሎት» ራሱ ውስጡ «ፈላ» የሚለው ግሥ ይሰማል፤ «ፍል ውኃ» ከሚለው ጋርም ድምፁ አንድ ነው። አንድ ግራም ውኃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 420 ጁል ያህል ይበቃል። ያንኑ የፈላ ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,260 ጁል ገደማ፣ ማለትም ከአምስት እጥፍ በላይ ይጠይቃል። እንፋሎት ከሆነም በኋላ ውኃ ሆኖ ከነበረው 1,700 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። ፒስተኑን የሚገፋውና ባቡሩን ያስኬደው ይህ ቦታ ፍለጋ ነው። ውኃ የሚፈላበት ሙቀትም ከከፍታ ጋር ይለዋወጣል። ባሕር ጠርዝ ላይ ባለችው ኦክላንድ 100 ዲግሪ የሆነው አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ነው፤ ባቄላ እዚያ ለመብሰል የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። ልጅ «ፈላ»ን ከ«እንፋሎት» ጋር አያይዞ ከሰማ፣ ትምህርቱ ከእናቱ ድስት ጋር ወዲያው ይገናኝለታል።

የጎዳናው ስም ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳየናል። ቴሌግራፍ አቬኑ የተባለው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የቴሌግራፍ ሽቦ ስለተዘረጋበት ነው። «ቴሌ» በግሪክኛ ሩቅ፣ «ግራፊን» መጻፍ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህ ሁሉ «ቴሌ» ብቻ ተቆርጦ የመሥሪያ ቤት ስም ሆነና «ቴሌ ሄጄ መጣሁ» ይባላል፤ ቃል በቃል ሩቅ ሄጄ መጣሁ ማለት ነው። መሣሪያውን ራሱን ግን የግሪክ ስም አልሰጠነውም፤ «ስልክ» አልነው። «ሲልክ» በዐረብኛ ክር ወይም ሽቦ ነው። በ1894 ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው መስመር መዘርጋት ሲጀመር ለሰው ዐይን የሚታየው አዲስ ነገር ከምሰሶ ምሰሶ የተዘረጋው ሽቦ ነበር፤ ስሙም በሚታየው ወጣ። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ሽቦ የለውም። ድምፁን የሚወስደው የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ነው። ስሙ ግን ሽቦውን አልለቀቀም። ሞገድን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም፦ «ስልክ ማለት ሽቦ ነበር፤ ታዲያ ሽቦው ሲቀር ድምፁን ምን ተሸከመው?» ብሎ መጠየቅ።

እዚያው ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ በ1918 የተከፈተው የቴሜስካል ቤተ መጻሕፍት ከመጻሕፍት ጋር የእጅ መሣሪያም ያውሳል። መሣሪያዎቹን በአማርኛ ስማቸው የሚቆጥር ሰው ግማሹን ጣሊያንኛ ሆኖ ያገኘዋል። ጠመዝማዛውን ሚስማር ማጥበቂያ «ካቻቪቴ» እንላለን፤ «ካቻ» መግፋት፣ «ቪቴ» ደግሞ ራሱ ሚስማሩ ነው። «ፒንሳ»፣ «ሞርሳ»፣ «ላሜራ»፣ «ጎማ»፣ ሁሉም ከጣሊያን ጋራዥ የወጡ ናቸው። ለእነዚህ ቃላት ክብር የሚነፍግ ሰው ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ። መካኒኮቻችን ሞተርን ፈትተው የገጠሙት በእነዚህ ቃላት ነው፤ የቴክኖሎጂ ትምህርትም አማርኛን የተቀላቀለው መጀመሪያ በጋራዥ በኩል ነው። ይሁን እንጂ ውሰት ቃል አንድ ጉድለት አለው። «ካቻቪቴ» ለአማርኛ ተናጋሪ ውስጡን አያሳይም። «መሰርሰሪያ» የሚለው ግን «ሰረሰረ»ን የሚያውቅ ሁሉ ምን እንደሚሠራ ይገባዋል።

ይህን ልዩነት በሙሉ ኃይሉ የሚያሳየው «ንጥረ ነገር» ነው። በኬሚስትሪ መጀመሪያ ምዕራፍ ላይ የሚመጣ ቃል ነው፤ ልጆች ሸምድደው ያልፉታል። ሥሩ «ነጠረ» ነው። ቅቤ በእሳት ላይ ቀልጦ፣ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት፣ ውኃው ተንኖ አይቡ ከታች ሲዘቅጥ፣ ላይ የሚቀረው ጥሩ ዘይት ንጥር ቅቤ ይባላል። ወርቅንና ብርን አቅልጦ ጉድፉን የሚለየው ባለሙያም «አንጥረኛ» ነው። «ነጠረ» እንግዲህ እሳት ሌላውን ሁሉ ለይቶ ሲያበቃ የሚቀረው ነገር የደረሰበት ሁኔታ ነው። አንቷን ላቯዚየ በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ንጥረ ነገርን የተረዳው እንዲሁ ነበር፦ በማንኛውም የመለያ ዘዴ ከዚያ በላይ ሊከፋፈል ያልቻለ ነገር። በዝርዝሩ 33 ንጥረ ነገሮች ጻፈ። ከእነዚህ መካከል ብርሃንና ሙቀትም ነበሩ፤ ኋላ ግን ንጥረ ነገር አለመሆናቸው ታወቀ። ዛሬ ሠንጠረዡ ላይ ያሉት 118 ናቸው። ትርጓሜው ከፓሪስ ቤተ ሙከራ የመጣ ቢሆንም፣ አማርኛ የሰጠው ስም አንጥረኛው በወናፉ ፊት ሲሠራው ከኖረው ነው። ለልጅ ስሙን ከቅቤው ጀምሮ የሚያስረዳ ወላጅ የላቯዚየን ትርጓሜ ሳይጎድል አስተምሯል።

ከዚሁ ቀጥሎ «ውሁድ» አለ፤ ሥሩ «ዋሐደ» ነው። ቤተ ክርስቲያን «ተዋሕዶ» ስትል የያዘችው ቃል ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በነገረ መለኮቱ ተዋሕዶ ማለት መቀላቀልና መለወጥ የሌለበት አንድነት ነው። በኬሚስትሪው ግን የሚዋሐዱት ጠባያቸውን ይለውጣሉ። ውኃ ሲነካው የሚቀጣጠለው ሶዲየምና መርዛማው ጋዝ ክሎሪን ሲዋሐዱ የምንበላው ጨው ይሆናሉ። ቃሉ አንድ ነው፤ ሁለቱ ሙያዎች የሰጡት ትርጉም ግን በዚህ ነጥብ ላይ ይለያያል። መምህሩ ይህን በግልጽ መናገር አለበት፤ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ መጠየቁ አይቀርምና።

«ሕዋስ»ም ትርጉሙን የቀየረ ቃል ነው። ከዐረብኛ «ሐዋስ» የመጣ ሲሆን ጥንት ስሜትን የምናውቅባቸውን አምስቱን፣ ማለትም ማየትን፣ መስማትን፣ ማሽተትን፣ መቅመስንና መዳሰስን ይል ነበር። ዛሬ የሕይወት ትንሿ ክፍል መጠሪያ ሆኗል። በእንግሊዝኛው ይህን ስም ያወጣው ሮበርት ሁክ ነው። በ1665 ቡሽ በአጉሊ መነጽር ሲያይ ትንንሽ ባዶ ክፍሎች ስላየ በዚያው ጠራቸው። በእንግሊዝኛ ክፍል የነበረው በአማርኛ ስሜት ሆነ። «እሳተ ገሞራ» ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱሷን ከተማ ስም ይዞ ቀርቷል። ለቤይ ኤሪያ ልጆች ይህን ቃል ለማስተማር ኤርታ አሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከቴሜስካል በላይ ባለው ኮረብታ፣ ሲብሊ በሚባለው ጥብቅ ስፍራ፣ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ አለ፤ የቀዘቀዘውን ላቫ በእጅ መዳሰስ ይቻላል።

ሳን ሆዜ የሚኖሩት ወገኖቻችን የሚሠሩበት ሸለቆ፣ ሲሊኮን ቫሊ፣ ስሙን ያገኘው ከሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ደግሞ ከላቲኑ «ሲሌክስ» የመጣ ነው፤ ባልጩት ማለት ነው። የሸለቆው ሥራ ስሌት ነውና ለእሱ የምንጠቀምበትን ቃል ማየት ይገባል። የሒሳብ መምህር ሰሌዳ ላይ «ቀመር» ብሎ ሲጽፍ፣ ጥንታዊ ቃል እየጻፈ ነው። «ቀመር» በዐረብኛ ጨረቃ ነው። በግእዝ የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ ውስጥ፣ የጨረቃን ዑደት ያዘ፣ ከዚያም ታላቁን የ532 ዓመት ዙር፣ ዐቢይ ቀመርን። የጨረቃ ልደት በዓመቱ ውስጥ ወደ ተመሳሳይ ቀን የሚመለሰው በየ19 ዓመቱ ነው። ዕለቱና ቀኑ ተገጣጥመው በዚያው ቅደም ተከተል የሚደጋገሙት በ28 ዓመት ነው። 19 በ28 ሲባዛ 532 ይሆናል፤ የፋሲካም ቀን ከዚያ ወዲያ በዚያው ተራ ይደጋገማል። ይህን የሚያሰሉ ሊቃውንት ቀመሩ ይባልላቸው ነበር፤ ከስሙ ግሥ ወጣ፣ ከግሡም የአልጀብራው ቀመር። ለኮምፒውተር አዲስ ስም እንፈልግለት የሚሉ አሉ። እኔ «ኮምፒውተር» ይበቃል እላለሁ፤ እንደ ስልክና እንደ ባቡር ለምዶናል። የሚሠራውን ለልጅ መንገር ሲመጣ ግን ግሡ አለን፦ ይቀምራል።