የትንንሽ መድኃኒት ኩባንያ አለቆች እነማን ናቸው? ባዮንቴክና አክሶቫንት ጎን ለጎን



ስደት ላይ ያለ ሰው ገንዘብ እንዴት እንደሚጠራቀም እናውቃለን። ድርብ ፈረቃ ተሠርቶ፣ ኪራይ ተከፍሎ፣ ለቤተሰብ ተልኮ የተረፈች ናት። ይቺኑ ይዞ አክሲዮን ገበያ የሚገባው ወገናችን ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በየግሩፑ ደግሞ «ይሄን ትንሽ የመድኃኒት ኩባንያ ግዙ፤ አለቆቹ ሃርቫርድ የተማሩ፣ ከትልልቅ ድርጅት የመጡ ናቸው» የሚል ምክር አይጠፋም። የኩባንያውን ገጽ ስንከፍት እውነትም የተከበሩ ሰዎች ፎቶ፣ ከሥሩም ረዥም የሥራ ታሪክ ተደርድሯል። ያንን ታሪክ እንዴት እናንብበው? ዛሬ ሁለት እውነተኛ ኩባንያዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ወንበሮቹን እንወቅ

ትንሽ የመድኃኒት ኩባንያ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ነገር የለውም። የሚኖረው ከኢንቨስተር በሚመጣ ገንዘብ ነው፤ መድኃኒቱ ገና ሙከራ ላይ ነው። ሰው ላይ መሞከር ከጀመሩ አሥር መድኃኒቶች ውስጥ ለፈቃድ የሚበቃው በግምት አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወንበር የራሱ ሥራ አለው።

ዋና ሥራ አስፈፃሚው አቅጣጫ ያስይዛል፣ ገንዘብ ይለምናል። የሳይንስ ኃላፊው መድኃኒቱን ላቦራቶሪ ውስጥ ይፈጥራል ወይም ይመርጣል። የሕክምና ኃላፊው ብዙ ጊዜ ሐኪም ነው፤ በበሽተኞች ላይ የሚደረገውን ሙከራ ይመራል። የፋይናንስ ኃላፊው ገንዘቡ ከማለቁ በፊት ሌላ ገንዘብ ያመጣል። የቢዝነስ ኃላፊው ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ይዋዋላል። ከሁሉም በላይ ቦርዱ አለ፤ ሥራ አስፈፃሚውን የሚሾመውም የሚሽረውም እሱ ነው።

ባዮንቴክ፦ የስደተኛ ልጆች ቤት

ባዮንቴክ በ2008 በጀርመኗ ማይንትዝ ከተማ ተመሠረተ። ኩባንያውን በዋና ሥራ አስፈፃሚነት የመሩት ዶክተር ኡጉር ሻሂን በ1965 ቱርክ ውስጥ የተወለዱ ሲሆን በልጅነታቸው ወደ ጀርመን መጡ። አባታቸው ኮሎኝ በሚገኘው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ልጅየው ሕክምና ተምረው የካንሰር ሐኪምና ተመራማሪ ሆኑ። ባለቤታቸው ዶክተር ኦዝለም ቱሬቺም ጀርመን ውስጥ ከቱርክ ቤተሰብ የተወለዱ ሐኪም ናቸው፤ አባታቸው ቀዶ ሐኪም ነበሩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ባልና ሚስቱ ከባዮንቴክ በፊት፣ በ2001፣ ጋኒሜድ የሚባል ሌላ የመድኃኒት ኩባንያ አቋቁመዋል። ዶክተር ቱሬቺ እሱን በዋና ሥራ አስፈፃሚነት መርተውታል። የጃፓኑ አስቴላስ በ2016 ጋኒሜድን ሲገዛ በቅድሚያ ብቻ 422 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለ። ከዚያ ቤት የወጣው የጨጓራ ካንሰር መድኃኒትም በ2024 በጃፓንና በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ማለትም ሴትዮዋ በኋላ የባዮንቴክ የሕክምና ኃላፊ ሲሆኑ መንገዱን አንዴ ሄደውበታል።

ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑት ኦስትሪያዊው ፕሮፌሰር ክሪስቶፍ ሁበር የካንሰር ሐኪም ናቸው። ገንዘቡን ያመጡት ሽትሩንግማን የሚባሉ መንትያ ወንድማማቾች ናቸው። እነሱም ከመንገድ የመጡ ባለሀብቶች አይደሉም፤ ሄክሳል የሚባለውን የመድኃኒት ፋብሪካ መሥርተው በ2005 ለኖቫርቲስ የሸጡ ናቸው። መድኃኒት ዓመታት እንደሚፈጅ ስለሚያውቁ ትዕግሥት ነበራቸው።

በ2013 ዶክተር ካታሊን ካሪኮ በምክትል ፕሬዚዳንትነት መጡ። እኚህ ሴት በ1985 ባላቸውንና ትንሽ ልጃቸውን ይዘው ከሃንጋሪ ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ፣ ያላቸውን ገንዘብ በልጅቷ አሻንጉሊት ድብ ውስጥ ደብቀው ነበር የወጡት። አሜሪካ ውስጥ ለኤምአርኤንኤ ምርምራቸው ገንዘብ የሚሰጥ ጠፍቶ በ1995 ከነበሩበት የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ዝቅ ተደርገዋል። የሥራ ታሪካቸውን ወረቀት ላይ ብቻ ያየ ሰው «ይቺማ የወደቀች ናት» ይል ነበር። በ2023 ከድሩ ዋይስማን ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

የገንዘቡና የውሉ ወንበር ላይ ግን ሌላ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። ዚርክ ፖቲንግ ከኖቫርቲስ ቤት፣ ራያን ሪቻርድሰን ከጄፒ ሞርጋን ባንክ፣ ሾን ማሬት ከግላክሶ ስሚዝክላይን የመጡ ናቸው። ሳይንቲስቱ ሳይንሱን፣ ባንከሩ ባንኩን ያዘ ማለት ነው።

ባዮንቴክ በጥቅምት 2019 ናስዳክ ገበያ ሲገባ አንዱን ሼር የሸጠው በ15 ዶላር ነው። ሊሸጥበት ካሰበው ዋጋ ያነሰ ነበር። ከተመሠረተ 11 ዓመት ሆኖት በፈቃድ የሚሸጥ አንድም የራሱ መድኃኒት አልነበረውም። በቀጣዩ ዓመት ከፋይዘር ጋር የሠራው የኮቪድ ክትባት ወጣ። ከፋይዘር ጋር ግን የተዋወቁት በኮቪድ ጊዜ አይደለም፤ በ2018 ለጉንፋን ክትባት ተዋውለው ነበር።

አክሶቫንት፦ ትልቅ ስም፣ ደካማ መድኃኒት

አሁን ወደ ሁለተኛው እንለፍ። አክሶቫንት በ2014 ተቋቋመ። ከጀርባው ያሉት ቪቬክ ራማስዋሚ ናቸው፤ በኋላ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሰውዬ። እሳቸውም የስደተኛ ልጅ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከሕንድ የመጡ ናቸው። ሃርቫርድ ባዮሎጂ፣ ዬል ሕግ ተምረዋል፣ በኢንቨስትመንት ፈንድ ውስጥ ሠርተዋል። ሐኪም ወይም መድኃኒት ሞካሪ ግን አልነበሩም።

ኩባንያው ኢንቴፒርዲን የሚባል የአልዛይመር መድኃኒት ከግላክሶ ስሚዝክላይን ሲገዛ በቅድሚያ የከፈለው 5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ግላክሶ መድኃኒቱን እስከ መካከለኛ ደረጃ ሞክሮ አልገፋበትም። በሰኔ 2015 አክሶቫንት ገበያ ሲገባ ግን 315 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። የአንዱ ሼር ዋጋ? 15 ዶላር። ያው እንደ ባዮንቴክ! በመጀመሪያው ቀን ዋጋው እጥፍ ገደማ ሆነ።

የአለቆቹ ዝርዝር ቀላል አልነበረም። የመድኃኒት ልማት ኃላፊው ዶክተር ሎረንስ ፍሪድሆፍ፣ አሪሴፕት የሚባለውን የታወቀ የአልዛይመር መድኃኒት ሙከራ የመሩ ሰው ናቸው። በ2017 ደግሞ ዶክተር ዴቪድ ሃንግ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሆነው መጡ። እሳቸው የመሠረቱትን ሜዲቬሽን ፋይዘር በ2016 በ14 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ታሪክ ይፈለጋል?

በመስከረም 2017 የመጨረሻው ደረጃ ሙከራ ውጤት ወጣ። መድኃኒቱ አልሠራም። ሼሩ በአንድ ቀን አብዛኛውን ዋጋውን አጣ። ዶክተር ሃንግ በየካቲት 2018 ለቀቁ። ኩባንያው ስሙን ቀያይሮ በመጨረሻ ለመፍረስ ወሰነ።

ታዲያ ምን እንያዝ?

«መማር ይቅደም ከመጠምጠም» ይላሉ አበው። ጥምጣሙ አለ፣ ትምህርቱም አለ እንበል፤ ሦስተኛው ነገር መድኃኒቱ ራሱ ነው። የአለቃ ታሪክ የሚነግረን ሙከራው በሥርዓት እንደሚመራና ገንዘብ እንደሚገኝ ነው። መድኃኒቱ ይሠራል አይሠራም የሚለውን አይነግረንም። ዶክተር ሃንግ ራሳቸው በሜዲቬሽን ጊዜ፣ በ2010፣ አንድ የአልዛይመር መድኃኒት ወድቆባቸው ያዳናቸው የፕሮስቴት ካንሰር መድኃኒት ነው። ያው ሰው፣ ያው ችሎታ፣ በመድኃኒቱ ግን ተለያየ።

እንግዲህ የአለቆችን ገጽ ስትከፍቱ እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፦ ሰውዬው እዚያ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ምን ሠራ? «20 ዓመት በትልቅ ኩባንያ» የሚለው ሽያጭም ሊሆን ይችላል። የትኛውን መድኃኒት ለፈቃድ አበቃ? ስሙ ካልተጻፈ ለምን?

ሁለተኛ፦ የሕክምና ኃላፊው በዚያው በሽታ ላይ ሠርቶ ያውቃል ወይ?

ሦስተኛ፦ መድኃኒቱን ራሳቸው ፈጠሩት ወይስ ገዙት? ከገዙ የቀድሞው ባለቤት ለምን ለቀቀው? ርካሽ ዕቃ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ይታወቅ።

አራተኛ፦ በካዝና ያለው ገንዘብ የሙከራው ውጤት እስኪወጣ ይበቃል? ካልበቃ አዲስ ሼር ይሸጣሉ፣ የእናንተ ድርሻ ይቀንሳል።

አምስተኛ፦ ማን ለቀቀ፣ መቼ? የሕክምና ወይም የፋይናንስ ኃላፊ ውጤት ሊወጣ ሲል ከለቀቀ ጥፋት አለ ማለት ባይሆንም ጠይቁ።

ይሄን ለማየት ክፍያ የለም። አሜሪካ ገበያ ላይ ያለ ኩባንያ ሪፖርቱን ለኤስኢሲ ማስገባት ግዴታው ነው፤ ኤድጋር በሚባለው መዝገብ ከዱባይም ከስቶክሆልምም ይነበባል። ፎርም 10-ኬ ዓመታዊ ሪፖርት ነው፤ የውጭ ኩባንያ ከሆነ 20-ኤፍ ይባላል። የአሜሪካ ኩባንያ አለቃ የራሱን ሼር ሲሸጥ ወይም ሲገዛ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በፎርም 4 ያሳውቃል። «ግዙ ግዙ» የሚል አለቃ ራሱ እየሸጠ ከሆነ እዚያ ታዩታላችሁ። ሙከራው የት ደረጃ ላይ እንደደረሰ ደግሞ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ላይ አለ።

እኛ ግዙም አትግዙም አንልም። ግን የአንድ ሰዓት ንባብ የዓመት ላብ ያድናል። የሚቀጥለው «የተረጋገጠ» ምክር ግሩፑ ውስጥ ሲመጣ፣ ላኪውን መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቁት፦ የሕክምና ኃላፊያቸው ማን ነው፣ የትኛውን መድኃኒት ለፈቃድ አበቃ? መልስ ከሌለው ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ።

ቸር ይግጠመን።