ከ281 ዶላሩ ፒክአፕ እስከ ሳይበርትራክ፦ ማቅለልና ማጉደል አንድ አይደሉም



ሰሞኑን አሜሪካ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ። «ቲቸር፣ ቴስላ ዕቃ ቀንሶ ርካሽ ሳይበርትራክ አወጣ፤ ሰዉ ግን ዞር ብሎም አላየው። ውድ ነው ሲሉ የነበሩት ሰዎች ሲረክስ ለምን ጠሉት?»

«ልጄ፣ ይሄ የመኪና ጥያቄ አይደለም፣ የታሪክ ጥያቄ ነው» አልኩት። መልሱ ረዘም ስላለብኝ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከገበሬው ነው። የአሜሪካ ገበሬ ሞዴል ቲ የተባለችውን የፎርድ መኪና ይገዛና ከኋላዋ የእንጨት ሳጥን እያስመታ ድንቹንም አሳማውንም ይጭንባት ነበር። ፎርድ ይህን አይቶ በሚያዝያ 1925 ሳጥኗን ከነብረቷ ፋብሪካ ውስጥ ገጥሞ መሸጥ ጀመረ። ዋጋዋ 281 ዶላር፣ ጉልበቷ 20 የፈረስ ጉልበት። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 34 ሺህ ገደማ ተሠራች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህች መኪና እንዴት ረከሰች? ብዙዎቻችን «ምንም ነገር ስላልነበራት ነዋ» እንላለን። አይደለም። ሞዴል ቲ በ1908 ስትወጣም ያው ባዶ ነበረች፣ ዋጋዋ ግን 850 ዶላር ነበር። በመሃል የተለወጠው አሠራሯ ነው። በ1913 መኪናው ወደ ሠራተኛው እየሄደ የሚገጣጠምበት መስመር ሲዘረጋ፣ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የሻንሲ ሥራ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። ለዓመታት ጥቁር ቀለም ብቻ የተቀባችውም ሥራው ቶሎ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። በአጭሩ፣ ፎርድ ያቀለለው ፋብሪካውን ነው። ገዢው ምንም አልጎደለበትም፤ እንዲያውም ከኋላ ሳጥን ተጨመረለት።

ከዚያ በኋላ ፒክአፑ እንዴት ሰባ? አንዱ ምክንያት ዶሮ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ርካሽ ዶሮ የአውሮፓን ገበያ ሲያጥለቀልቅ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን ቀረጥ ጣሉበት። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1963 መጨረሻ አጸፋውን መለሱ፦ ከውጭ በሚገባ ቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ። ዒላማው የጀርመኑ ቮልስዋገን ነበር። አብረውት የተጣሉት ሌሎቹ ቀረጦች ከጊዜ በኋላ ሲነሱ የጭነት መኪናው ግን ቀረ። «የዶሮ ግብር» ይሉታል። ብቸኛው ምክንያት ነው አልልም። ነገር ግን ትንሽና ርካሽ የውጭ ፒክአፕ እንደ ልቡ ካልገባ፣ የአገሬው ኩባንያ ትንሽና ርካሽ እንዲሠራ ማን ያስገድደዋል? በትልቁና በውዱ ያተርፋል።

የዚህ መንገድ ጫፍ ሊንከን ብላክዉድ ነው፤ የ2002 ሞዴል፣ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ። ሊንከን የፎርድ የቅንጦት ስም ነው። የጭነት ቦታው ምንጣፍ የለበሰ፣ በሞተር በሚከፈት ክዳን የተሸፈነ። እንግዲህ ምንጣፍ ላይ አሸዋ ማን ይጭናል? ቀለሙም ጥቁር ብቻ ነበር። ያው ቤት፣ ያው ጥቁር፤ ያኛው ለፍጥነት፣ ይኼኛው ለኩራት። ከ3 ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ቁጥር ተሽጦ አሜሪካ ውስጥ በዓመቱ ቀረ።

ኤሌክትሪኩ ፒክአፕ የመጣው ወደዚህ ዓለም ነው። ባትሪው ውድ ስለሆነ ኩባንያዎቹ «ውድነቱ ካልቀረ ለሀብታሙ እናድርገው» አሉ። በ2021 የወጣው የሪቪያን አር1ቲ ለየጎማው አንድ፣ በጠቅላላው አራት ሞተር ይዞ መጣ። የጭነት ቦታው ክዳንም በሞተር ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ ክዳኑ እየተበላሸ ሲያስቸግር ኩባንያው ለጊዜው ተወውና በእጅ የሚከፈት ሰጠ። የሚገርመው ግን በ2024 ያደረጉት ነው። የመኪናውን ኮምፒውተሮች ከ17 ወደ 7 አወረዱ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሽቦ፣ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ወጣለት። ገዢው ይህን በዓይኑ አያየውም። የጎደለበትም ነገር የለም።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ። ሳይበርትራክ በ2019 ሲተዋወቅ ከ39,900 ዶላር ይጀምራል ተብሎ ነበር። በ2025 የወጣው «ርካሹ» 69,990 ነበር። ምን ተነሳለት? አንዱ ሞተር፣ በአየር የሚሠራው ሱስፔንሽን፣ በሞተር የሚዘጋው ክዳን፣ ከኋላ ያሉት የኤሌክትሪክ ሶኬቶች፣ ግማሽ ያህሉ ድምፅ ማጉያ፣ የወንበሩ ቆዳ። ከበላዩ ካለው ሞዴል የሚለየው በ10 ሺህ ዶላር ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከገበያ ወጣ።

ለምን? መኪናው ያው መኪና፣ ፋብሪካው ያው ፋብሪካ ነውና። የተነካው ገዢው የሚያየውና የሚዳስሰው ብቻ ነው። ይህ ማቅለል ሳይሆን ማጉደል ነው። የወጥ ቤቱን ወጪ ሳይነኩ ከእንግዳው ሳህን ላይ ሥጋውን እንደ ማንሳት ማለት ነው። ሶኬቱ ደግሞ ለሠራተኛ ሰው ጌጥ አይደለም፤ መጋዙን የሚሰካበት ነው!

ታዲያ ዕቃ መቀነስ ሁልጊዜ ስህተት ነው? አይደለም። ስሌት የተባለ አዲስ ኩባንያ በ2025 ያሳየው ትንሽ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ መስኮቱ በእጅ የሚዞር ነው፤ ሬዲዮ የለውም፤ ቀለም እንኳ አይቀባም፣ አካሉ ግራጫ ፕላስቲክ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ቀለም ከሌለ የቀለም ክፍል የሚባል ውድ የፋብሪካ ክንፍ አይገነባም። ከገዢው የተወሰደው ነገር ፋብሪካውንም አቀለለው። ፎርድም በዚያው ዓመት 30 ሺህ ዶላር ገደማ የሚሸጥ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ በ2027 አወጣለሁ ሲል፣ ክፍሎቹን በ20 በመቶ እቀንሳለሁ፣ ሽቦውንም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ አሳጥራለሁ ብሎ ነው። የኩባንያው አለቃ ጂም ፋርሊ ነገሩን ከሞዴል ቲ ዘመን ጋር አመሳሰሉት። ይሳካላቸው አይሳካላቸው ጊዜ ያሳየናል፤ ትክክለኛውን የታሪክ ገጽ ግን ገልጠዋል።

ይሄ የአሜሪካኖች ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። አገራችን በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ መጪው መኪናችን ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ሻጩ «ቀለል ያለው፣ ርካሹ ይኸውልህ» ሲለን አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፦ የቀለለው ለማን ነው? ውስጡ ቀልሎ ከሆነ የሚበላሸው ያንሳል፣ የሰፈራችን ጋራዥም ሊደርስበት ይችላል። ላይ ላዩ ብቻ ተገፎ ከሆነ ግን የቅንጦቱን ጣጣ ያለ ቅንጦቱ ገዛን ማለት ነው።

ተማሪዬ ይህን ሁሉ አንብቦ «ቲቸር፣ ታዲያ የቱን ልግዛ?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ! እናንተ መካኒክ የሆናችሁ የቀድሞ ልጆቼ፣ እስቲ መልሱለት።