የክሬን ጭነት አሳሪና ምልክት ሰጪ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ

የክሬን ጭነት አሳሪና ምልክት ሰጪ (ሪገር ተብሎም ይጠራል) ማለት ክሬን የሚያነሳውን ዕቃ ክብደቱን ገምቶ፣ አስሮ ከመንጠቆው ጋር የሚያገናኝ፣ ከዚያም ኦፕሬተሩን በእጅ ምልክት ወይም በሬዲዮ የሚመራ ሠራተኛ ነው። ኦፕሬተሩ ጭነቱ የሚያርፍበትን ቦታ ብዙ ጊዜ ስለማያይ በዚህ ሰው ዓይን ይሠራል።

ሰበታ (በጅማ መንገድ)፣ ቡራዩ (በአምቦ መንገድ) እና ሱሉልታ (በጎጃም መንገድ) የአዲስ አበባ መውጫ ከተሞች ሲሆኑ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ፋብሪካ፣ መጋዘንና ግንባታ የበዛባቸው ናቸው፤ የጅቡቲ የባቡር መስመርም የሚነሳው ከሰበታ ነው። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ማሰር በአብዛኛው የሚለመደው ከነባር ሠራተኛ ጎን በመቆም ነው። ሠራተኛው ዓመታት ሠርቶም አንድ ፕሮጀክት አልቆ ወደ ሌላ ሲሄድ ችሎታውን የሚያሳይበት ወረቀት ላይኖረው ይችላል።

በኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ለዚህ በር ከፍቷል። ሙያን በሥራ ላይ የተማረ ሰው መደበኛ ሥልጠና ሳይወስድም ለምዘና መቅረብ ይችላል፤ ካለፈ በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ ያገኛል። ምዘናው የጽንሰ ሐሳብና የተግባር ክፍል አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው ስለ ሥራው አደጋዎች ለሠራተኛው ትምህርት እንዲሰጥ ያስገድዳል።

== ልምድ የሚስተው ==

ለነባር ሠራተኛ የሚሰጥ ሥልጠና ዋና ጥቅሙ በዓይን የማይታየውን ማሳየቱ ነው። 2 ቶን የፌሮ እስር በሁለት ገመድ ሲነሳ፣ ገመዶቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ እያንዳንዳቸው 1 ቶን ይሸከማሉ። ከአግድም መስመር በ60 ዲግሪ ከተዘረጉ ግን ወደ 1.15 ቶን፣ በ45 ዲግሪ ወደ 1.41 ቶን፣ በ30 ዲግሪ 2 ቶን ይደርስባቸዋል። ጭነቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንግሉ ብቻ ነው። «ትናንትም በዚሁ ገመድ አንስተናል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል፣ ምክንያቱም የትናንቱ ገመድ ረዘም ብሎ ታስሮ ሊሆን ይችላል።

== ምልክቶች ==

ክንድ ወደ ላይ ሆኖ እጅ ክብ ሲሠራ «አንሳ»፣ ክንድ ወደ ታች ሆኖ ክብ ሲሠራ «አውርድ» ማለት ነው። ኦፕሬተሩና አሳሪው በአንድ ቋንቋ በማይግባቡበት የግንባታ ቦታ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ሆኖም ምልክቶቹ ከአገር አገር ጥቂት ስለሚለያዩ፣ የውጭ ተቋራጭ ዘንድ የለመደ ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከኦፕሬተሩ ጋር መስማማት አለበት። ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። «ቁም» የሚለውን ግን አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው መስጠት ይችላል፤ ኦፕሬተሩም ወዲያው ይቆማል።

== በሌሎች አገሮች ==

በአሜሪካ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግንባታ ቦታ ምልክት ሰጪ የጽሑፍ ወይም የቃል ፈተናና የተግባር ፈተና ማለፍ አለበት። የቃሉ አማራጭ ሥራውን አውቆ መጻፍ ለሚቸግረው ሰው ተገቢ ነው። በብሪታንያ ከሰው ብቃት በተጨማሪ ማንጠልጠያ ገመድና ሰንሰለት በአብዛኛው በየ6 ወሩ ይመረመራሉ፤ የሠራተኛው የምስክር ወረቀት ስለተበጠሰ ሽቦ ምንም አይናገርምና።