የምርጫ ሰሞን ቅሬታ፦ የትኛው ጥያቄ የማን ነው?

ከሚሴ፦ የምርጫ ወቅት በደረሰ ቁጥር በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከተሞችና ቀበሌዎች ተደጋግሞ የሚነሳ ቅሬታ አለ። ዕጩው የሚታየው ድምፅ ሲፈልግ ብቻ ነው፤ ከተመረጠ በኋላ ደብዛው ይጠፋል፤ የማዳበሪያው፣ የመንገዱና የሰላሙ ጥያቄ ግን ባለበት ይቀራል የሚል ነው። በ2018 ዓ.ም. እንዲካሄድ የታቀደው 7ኛው አጠቃላይ ምርጫም ይህንኑ ቅሬታ መልሶ ቀስቅሷል።

ቅሬታው መሠረት አለው። ይሁን እንጂ መራጩ ለፓርላማ ዕጩ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚፈቱት አዲስ አበባ ሳይሆን በክልል፣ በወረዳና በቀበሌ ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። የዕለት ተዕለት ኑሮውን የሚነካውን ሹም የመምረጥ ዕድል ያላገኘ ገበሬ፣ ምሬቱን ሁሉ በእጁ ባለው አንድ የምርጫ ዕድል ላይ ቢያወርድ አያስገርምም።

መራጩ የሚመርጠው ማንን ነው?

በአጠቃላይ ምርጫ አንድ መራጭ ሁለት ድምፅ ይሰጣል፤ አንዱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላውን ለክልል ምክር ቤት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች ያሉት ሲሆን፣ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። በሁለቱም ምክር ቤቶች የአባላቱ የሥራ ዘመን 5 ዓመት ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚያሸንፈው በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ነው፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም።

የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ግን የሚመረጡት የአካባቢ ምርጫ ተብሎ በሚጠራው ሌላ ምርጫ ነው። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከዋግ ኽምራና ከአዊ ዞኖች ጋር በክልሉ ሕገ መንግሥት የብሔረሰብ አስተዳደርነት ዕውቅና ያገኘ በመሆኑ፣ የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤትም አለው። አፋን ኦሮሞ በዞኑ የሥራ ቋንቋ የሆነውም በዚሁ መብት መሠረት ነው።

ተስፋ መቁረጡ ከየት መጣ?

በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ። የተለየ ሐሳብ የነበረው መራጭ በዚያ ምክር ቤት አንድም ድምፅ አልነበረውም። ቀጣዩ ምርጫ ለነሐሴ 2012 ዓ.ም. ታቅዶ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከተራዘመ በኋላ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ።

ለዚህ ዞን ዓመቱ የምርጫ ብቻ አልነበረም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በጅሌ ጥሙጋና በአጎራባች አካባቢዎች የተቀሰቀሰው ግጭት የሰው ሕይወት ቀጠፈ፤ ብዙዎችን ከቀያቸው አፈናቀለ። በጸጥታው ችግር ሳቢያም በዞኑና በሰሜን ሸዋ በበርካታ ስፍራዎች የመራጮች ምዝገባ በወቅቱ ሊጀመር አልቻለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደግሞ ጦርነቱ ከሚሴ ደረሰ። ቤቱ ለተቃጠለበትና ከብቱ ለተነዳበት ሰው የቅስቀሳ ንግግር ጆሮ የማይስበው ለዚህ ነው።

ያልተካሄደው ምርጫ

በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔ ተራዘመ። ከዚያ ወዲህም በዞኑ ወረዳዎች የምክር ቤት ምርጫ አልተደረገም። በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ከብት የሚጠብቅና ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ ሆኗል።

የሌላውን አገር ልማድ ማየት ልዩነቱን ያጎላዋል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጥ ዜጋ በብዙ አካባቢዎች በዚያው ቀን የወረዳውን ሹሞችና የትምህርት ቤት ቦርድ አባላትንም ይመርጣል። በዋና ከተማው ፖለቲካ ቢማረር እንኳ፣ በቅርቡ ያለውን ሹም በድምፁ የመሻር ዕድል ይቀርለታል።

ጥያቄና ባለቤቱ

ማዳበሪያ፦ ከውጭ ገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል የማስገባቱ ኃላፊነት የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ግዥውን የሚፈጽመው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። ስርጭቱ ግን በክልሉ፣ በኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት በኩል ያልፋል። ማዳበሪያው ወደ አገር የገባው ዘግይቶ ከሆነ የፓርላማ ተመራጩ ይጠየቅ። መጋዘን ደርሶ ጤፍ ሳይዘራበት ከቀረ ወይም ለነጋዴ ከወጣ ግን ጥያቄው ለወረዳው፣ ለቀበሌውና ለማኅበሩ ነው።

መንገድ፦ ከአዲስ አበባ በከሚሴ አድርጎ ወደ ደሴ የሚያልፈው ዋና መንገድ የፌዴራል ነው። ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኘው፣ ማሾና ማሽላ ወደ ሰንበቴና ባቲ ገበያዎች የሚወጣበት መንገድ ደግሞ የክልሉና የወረዳው ሥራ ነው።

መሬት፦ ጠቅላላ ሕጉን የሚያወጣው ፌዴራል ቢሆንም፣ መሬትን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። የይዞታ ደብተርና የድንበር ጉዳይ በቀበሌና በወረዳ የመሬት አስተዳደር በኩል ይታያል።

ሰላም፦ ይህን አንዱ አካል ብቻውን አይወጣውም። መከላከያና ፌዴራል ፖሊስ ለፌዴራል መንግሥቱ፣ የክልሉ ፖሊስ ለክልሉ ተጠሪ ናቸው። ስለዚህ የሰላም ጥያቄ ለሁለቱም ምክር ቤቶች ዕጩዎች እኩል መቅረብ አለበት።

ተመራጩን መጠየቅ

ቀደም ባለው ዘመን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ማንኛውም የሕዝብ ተመራጭ በኃላፊነቱ እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። በአንቀጽ 12 መሠረት ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል፤ አንቀጽ 54 ይህንኑ ለፓርላማ አባላት በሕግ መሠረት እንደሚፈጸም ያስቀምጣል።

የጊዜ ሰሌዳውንም ማወቅ ይጠቅማል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ጊዜ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ተወካዩ ወደ መራጩ ሊመጣ የሚችልበት ወቅት ነው፤ ገበሬው ዘሩን ዘርቶ የማዳበሪያውን ነገር በዓይኑ ያየበት ወቅትም ነው። ለዕጩው ዛሬ ሊቀርብለት የሚገባው ጥያቄም «ሐምሌና ነሐሴ የት ቀበሌ ትገኛለህ?» የሚል ነው።

የሁሉም ጥያቄዎች መነሻ የሆነ ሌላ ጥያቄም አለ። የአካባቢ ምርጫን ያራዘመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የዚያ ምክር ቤት መቀመጫ የሚፈልግ ማንኛውም ዕጩ፣ የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ መቼ እንዲካሄድ እንደሚታገል በግልጽ ሊናገር ይገባዋል። ይህ ጥያቄ ወደ ወረዳ የሚመለስ አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ ዕጩው ነው።