ሥነ ጥበብና የአካባቢ ጥበቃ፦ የዘመኑ ኢትዮጵያውያን የጥበብ ሰዎች ምን ያሳዩናል?

የአካባቢ መጎዳት ሲነሣ አስቀድመው የሚታወሱት የግብርና ባለሙያውና እርከን የሚሠራው አርሶ አደር ናቸው። ይሁንና የሀገራችን የጥበብ ሰዎችም ውኃን፣ ቆሻሻንና አፈርን የሥራቸው ርእሰ ጉዳይ አድርገዋል። ለአብነት ሦስቱን እንመልከት።

ውኃ

ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 «የውኃ ሕይወት» የተሰኙ 12 ፎቶግራፎችን አዘጋጅታለች። ሥራው ዋተርኤይድ ለተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የተሠራ ሲሆን፣ አብዛኛው የተነሣው በአፋር ክልል ዳሎል ነው። በደረቁ የጨው ሜዳ ላይ ደማቅ ቀለም የለበሱ ሴቶች ይታያሉ። የውኃ እጦት ሸክም በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ እንደሚወድቅ ሥራው ያመለክታል፤ ሴቶቹን ግን በክብር እንጂ በልመና መልክ አያቀርባቸውም።

ቆሻሻ

ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን፣ የኮምፒውተር ቁልፎችንና የተበላሹ መሣሪያዎችን ክፍሎች በሰሌዳ ላይ እየገመደና እየደረደረ ታላላቅ ሥራዎችን ይሠራል። አንዳንዶቹ ከሩቅ ሲታዩ ከአየር ላይ የተነሣ የእርሻ ማሳ ይመስላሉ። ቀረብ ሲሉ ግን ማሳ የመሰለው ሁሉ የተጣለ ዕቃ ነው። በእኛም አካባቢ ያለቀ ባትሪና የተሰበረ ስልክ በማሳ ዳር ሲጣል፣ በውስጡ ያለው መርዛማ ብረት አፈርንና ውኃን ሊበክል ይችላል።

አፈር

ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር በአዲስ አበባ የመሠረተው ዞማ ሙዚየም በ2019 ተከፍቷል። ግድግዳዎቹ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ ናቸው። ጭቃ ማቡካትና ቤት መምረግ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር የድኻ ቤት መሥሪያ ተብሎ የተናቀው ጭቃ በቅርጽ አጊጦ ለሙዚየም መብቃቱ ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅማል?

ሥዕል እርከንን አይተካም፤ ምንጭም አያጎለብትም። ነገር ግን ዓይን የለመደው ጉዳት እንደ ጉዳት አይታይም። በየክረምቱ ከጮቄ ተዳፋት ተጠርጎ ወደ ዓባይ የሚወርደው አፈር ከዓመት ዓመት ስለሚታይ ብቻ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሯል። የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ቀለማቸውን ከአፈርና ከዕፅዋት ያዘጋጁ ነበር። ዛሬም የደብረ ማርቆስና የአካባቢው መምህራን ተማሪዎቻቸው የተሸረሸረውን ማሳ በራሱ በአፈሩ ቀለም እንዲሥሉ ቢያደርጉ፣ ወላጅ በየቀኑ የሚያልፈውን ቦረቦር እንደገና ሊያየው ይችላል።