እልፍ ስንት ነው?

ብዛትን ማጋነን ስንፈልግ «እልፍ» እንላለን፡፡ እልፍ ሕዝብ፣ እልፍ ችግር፣ እልፍ አእላፍ… ቆጥረን ግን አይደለም፡፡ እልፍ በግዕዝ ቁርጥ ያለ ቁጥር ነው፤ 10,000፡፡ የራሱ ምልክትም አለው፤ ፼፡፡

እስቲ ምልክቱን ልብ ብላችሁ እዩት፡፡ ሁለት መቶዎች (፻) ተጣብቀው ነው፤ መቶ ጊዜ መቶ፡፡ ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ ለሺህም የተለየ ምልክት የለውም፤ «፲፻» (አሥር መቶ) ብሎ ይጽፈዋል፡፡ ሚሊዮን መቶ እልፍ (፻፼)፣ መቶ ሚሊዮን ደግሞ እልፍ ጊዜ እልፍ (፼፼) ነው፡፡ ግሪኮችም ለዚሁ ቁጥር «ሚሪያድ» የሚል ቃል ነበራቸው፡፡ አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ዓለምን የሚሞላውን የአሸዋ ቅንጣት ለማስላት የተነሣው ከዚህ ቃል ነው፡፡ የእነሱም ቃል እንደኛው ውሎ አድሮ «ስፍር ቁጥር የሌለው» ወደሚል ትርጉም ተንሸራተተ፡፡

ይህን ሁሉ ያነሣነው ስለ ዲላና አካባቢዋ ልናወራ ነው፡፡ በጌዴኦ ዞን ያሉት ትክል ድንጋዮች ከ10,000 በላይ እንደሚሆኑ ተመራማሪዎች ይገምታሉ፡፡ በአፍሪካ በብዛት ተወዳዳሪ የላቸውም ይላሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የሳካሮ ሶዶዎቹን ወደ አንደኛው ክፍለ ዘመን ወስዷቸዋል፤ ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው በ1,000 ዓመት ያህል ይቀድማል፡፡ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፡፡ እሰየው ነው!

ጥያቄያችን ግን እዚህ ላይ ነው፡፡ ልክ እልፍ ድንጋይ በሐሳባችን ሜዳ ላይ እናሰልፍ፡፡ 100 ረድፍ፣ በየረድፉ 100 ድንጋይ፤ ሙሉ ካሬ፡፡ ከጥግ ጀምረን ብንደረድርም ያው ነው፤ መጀመሪያ 1፣ በዙሪያው 3፣ ቀጥሎ 5፣ ቀጥሎ 7… እስከ 199፡፡ ድምሩ ልክ 10,000 ይመጣል፡፡ ይህ ቁጥር ከ2 እና ከ5 ብዜት ብቻ የተሠራ ነው፤ ሳይተርፍ የሚካፈልባቸው ቁጥሮችም 25 ናቸው፡፡

አሁን አንዷን ድንጋይ አንሡ፡፡ 9,999! ካሬው ፈረሰ፤ ለሁለትም ለአምስትም መካፈል ቀረ፡፡ በሒሳብ የአንዲት ድንጋይ መጉደል ወዲያው ይታወቃል፡፡ በአፋችን «እልፍ» ውስጥ ግን አንዷም፣ አሥሯም፣ መቶዋም ብትጎድል ማንም አይነቃም፡፡

ድንጋዮቹ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም፡፡ በቱቱ ፈላ ሁለት የመቃብር ዘመኖች ተደራርበው ተገኝተዋል፤ በፊተኛው ዘመን በወንድ ብልት አምሳል የተጠረቡ ድንጋዮች በኋለኛው የሰው መልክ ተቀርጾባቸዋል፡፡ አንዷ ድንጋይ ጠፋች ማለት የሁለት ትውልድ ታሪክ ጠፋ ማለት ሊሆን ይችላል፡፡

«ከእልፍ በላይ» ግምት ነው፡፡ ግምት ለማድነቅ ይበቃል፤ ለመጠበቅ ግን አይበቃም፡፡ እያንዳንዷ ድንጋይ የራሷ ቁጥር፣ ፎቶና የቦታ መለያ ካላት ስትወድቅም ስትሰበርም ይታወቃል፡፡ የቀደሙት እልፍን ከነምልክቱ አውርሰውናል፡፡ እኛ ደግሞ ወደ ቁጥርነቱ እንመልሰው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን!